ነቀዙ የማን ቤት ልጅ ነው?

ለተከበሩ የኅብረት ሱቃችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤትዎም እንደ መጋዘንዎ ነዋሪ የማይጎድለው እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በሱቁ በር ላይ ለጥፌአለሁ። እርስዎ በሰው ፊት መናገር ስለሚወዱ፣ በሰው ፊት መልስ ማግኘትም የሚያስከፋዎ አልመሰለኝም።

ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። ባለቤቴ ከሱቅዎ ሁለት ጥቅል ሩዝ ገዛች። አንዱን ስትከፍተው ሩዙ በራሱ እግር ወደ ድስቱ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ልትመልሰው ብትመጣ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «ሴትዮ፣ ነቀዝ የሚፈላው በተገኘበት ቤት ነው፤ መጀመሪያ ጓዳሽን ጥረጊ» አሏት። ስለዚህ ምክር ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ልጅ የዳረችን ሴት «አንቺ» ብለው ወጣትነቷን ስለ መለሱላት እናመሰግናለን። እኔ ስንት ዓመት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

፪. ምክርዎ ፍሬ አፍርቷል። ባለቤቴ ንጹሑን ዱቄት ሳይቀር ደጋግማ ትነፋለች። ወረፋው ላይ የነበረችው ጎረቤታችን ደግሞ ልጇን ይዛ ስትመጣ፣ ገና ብስኩት ሲቀርብ «በልታ ነው የመጣችው» ትላለች። የልጅቷ ዐይን ግን ከብስኩቱ ላይ አይነሳም። ባለቤቴ ሳህኑን ታነሳለች። ይህችን ነገር በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ እምቢ አለችኝ፤ ይቅርታዎን።

፫. ለጽሑፍ አቤቱታዬ «ሩዙ ነቀዝ ገባበት እንጂ አልነቀዘም» የሚል መልስ ስለ ሰጡኝ፣ ቋንቋ ተምሮ እንደ ተመረቀ ሰው ተደንቄአለሁ። በዚህ ሰዋስው ቤቴ ሌባ ቢገባበት አልተዘረፈም ማለት ነው። መጋዘንዎ ለምን ሁልጊዜ ሙሉ እንደሚባልም አሁን ገባኝ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡም ሩዙም ይቅርብኝ። በወረፋ ፊት የተባለው በወረፋ ፊት ይመለስ። «ነቀዙ የእኛ ነው» የምትል አጭር ዐረፍተ ነገር ለባለቤቴ ትበቃታለች፤ «እርስዎ» ቢጨመርበት ደግሞ እንደ ምርቃት እንቆጥረዋለን።

ኮፍያዬን አንሥቼ፣ ወንፊቴን ታጥቄ፣ እጅ በመንሣት፣
የዘወትር አክባሪዎ
የሴትዮዋ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለተኛውን ጥቅል፣ ማሸጊያው ሳይነካ፣ በጸሐፊዎ በኩል ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ። ነቀዞቹ ላስቲኩን ከውስጥ መብሳት ጀምረዋል። ይህን አንብበው ሲመለሱ ወንበርዎ ላይ ሲንሸራሸሩ ቢያገኟቸው አይደንግጡ፤ ነቀዝ የሚፈላው በተገኘበት ቤት ነው። መጀመሪያ ቢሮዎን ይጥረጉ።