የግንበኛው የምስጋናው ዋለ ሐሙሶች

አቶ ምስጋናው ዋለ ከአባታቸው ከአቶ ዋለ እንድሪስና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ደምሴ በአምባሰል ወረዳ፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ውጫሌ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም ከአጎታቸው የግንበኝነት ሙያ ቀስመው ወደ ሐይቅ ከተማ ወረዱ። ዛሬ ሐይቅ ላይ የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ግድግዳ ለማግኘት ብዙ መዞር ይጠይቃል።

በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺሀረግ አያሌው ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጆቻቸውን እንዳለንና ሕይወትን ወለዱ። ወ/ሮ የሺሀረግ ባላቸውን የሚወዱ፣ በባላቸውም የሚቀኑ ሴት ናቸው። ይህን የቅሬያችን፣ የዕድራችን አባል ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ መጻፉ ነውር የለውም፤ ራሳቸውም «ጻፉት፣ ምን አለበት» ብለዋል።

የአቶ ምስጋናውን ሕይወት ስናነብ አረቄን ዘለን አናልፍም። ከሥራ ሲወጡ እግራቸው የሚያመራው ወደ ወ/ሮ ፋሲካ አረቄ ቤት ነበር። ቤቱን የገነቡት እሳቸው፣ አግዳሚው ላይ የሚያመሹትም እሳቸው። ወ/ሮ የሺሀረግ ስንት ጊዜ ደግፈው አምጥተዋቸዋል፤ ልብሳቸውን አጥበው፣ ጎረቤት ሲጠይቅ «ትንሽ አሞት ነው» ብለው ሸፍነዋል።

በ2015 ዓ.ም. አቶ ምስጋናው ሥራ ላይ ከመሰላል ወድቀው ጤና ጣቢያ ገቡ። ነርሷ ሲስተር ሀውራ፣ መጠጥ ለመተው የሚረዳዱ ሰዎች ደሴ ላይ በየሳምንቱ እንደሚሰበሰቡ ነገሯቸው። ለማንም ሳይናገሩ በሚኒባስ ሄዱ። የመጀመሪያ ቀን ከበሩ ተመለሱ፤ በሳምንቱ ግን ገቡ። ውስጥ ማን ተቀምጦ ቢያዩ ጥሩ ነው? ወ/ሮ ፋሲካ! ለካ ለሰው እየቀዱ ራሳቸውም ሲጠጡ ኖረው፣ ቤቱን ዘግተው ሊተዉ መጥተዋል። ሁለቱ ተመካክረው፣ ሲስተር ሀውራም አግዘዋቸው፣ ስብሰባውን ወደ ሐይቅ አመጡት። ቦታ ሲታጣ ወ/ሮ ፋሲካ የዘጉትን አረቄ ቤት ከፈቱላቸው። በየሐሙሱ ከሰዓት በዚያው አግዳሚ ላይ ይሰበሰቡ ጀመር።

ወ/ሮ የሺሀረግ ይህን ሁሉ አያውቁም። የሰሙት ባላቸው እንደገና ፋሲካ ቤት መታየታቸውን ነው። ሐሙስ ሲመለሱ በር ላይ ጠብቀው አፋቸውን አሸተቱ፤ ምንም የለም። በሚቀጥለውም ሐሙስ ምንም የለም። ያን ጊዜ ቅናቱ ባሰባቸው። ሰው አረቄ ቤት ሄዶ አረቄ ካልጠጣ ምን ፍለጋ ሄደ? «ምነው በሸተተኝ!» ይሉ ነበር።

አንድ ሐሙስ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱና በሩን በርግደው ገቡ። ሰዎች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው አቶ ምስጋናው እያለቀሱ ይናገራሉ። በእናታቸው ቀብር እንኳ እንባ ያላወጡ ሰው! ሚስታቸውን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋርጠው ፊታቸውን ጠረጉ። ሲስተር ሀውራም «እዚህ የተወራ ከዚህ አይወጣም እትዬ፤ ውጭ ይጠብቁን» ብለው በትሕትና ሸኟቸው። ወ/ሮ የሺሀረግ የፈሩትን ነገር አግኝተው ቢሆን ፀጉር ለፀጉር ተያይዘው ይወጣላቸው ነበር፤ ይህን ግን ምን ያድርጉት? «ጠጥቶም እሷ ቤት፣ ትቶም እሷ ቤት! ለእኔ መቼ ነው የሚደርሰኝ?» ብለው ደጅ ቁጭ አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ አብረው ይሄዱ ነበር። ባል ይገባሉ፣ ሚስት ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሲመለሱ ወ/ሮ የሺሀረግ ምን እንደተወራ መንገዱን ሙሉ ይጠይቃሉ፤ አቶ ምስጋናው ስለ ሲሚንቶ ያወራሉ። አረቄ ግን ወደ አፋቸው አልተመለሰም።

ይሁን እንጂ ያለፉት ዓመታት ጉበታቸውን ጎድተውት ነበርና በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ደሴ ሆስፒታል ተኙ። አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቃቸው ለባለቤታቸው «እነዚያ የሐሙስ ሰዎች ወድቄ ቢያዩኝ ግድ የለኝም፤ አንቺ ግን ቆሜ እንድታዪኝ ነበር የፈለግሁት» አሏቸው። ወ/ሮ የሺሀረግ መች የዋዛ ሆኑና! «ስትወድቅስ ያነሳህ ማን ነበር?» አሏቸው። አቶ ምስጋናው ሳቁ። ከዚያም እጃቸውን ይዘው፣ ያን ሐሙስ በር ሲበረገድ ያቋረጡትን ነገር እስከ መጨረሻው ነገሯቸው። ለዚህ ጽሑፍ ምን እንዳሏቸው ብንጠይቅ ወ/ሮ የሺሀረግ «እዚህ የተወራ ከዚህ አይወጣም» ብለው መለሱን።

አቶ ምስጋናው ወደ ቤታቸው ተመልሰው በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ ሐሙስ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ባለቤታቸው አጠገብ አረፉ። በዚያ ሐሙስ ወ/ሮ የሺሀረግን ማንም አልተሻማቸውም።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ የሺሀረግ አያሌውን፣ ልጆቻቸውን እንዳለ ምስጋናውንና ሕይወት ምስጋናውን፣ እንዲሁም የሐሙስ ጓደኞቻቸውን በሐዘን ትተዋል። ከጓደኞቻቸው መካከል የወ/ሮ ፋሲካ ስም እንዲጻፍ ያዘዙት ወ/ሮ የሺሀረግ ናቸው፤ «ከእኔ በታች፣ ራቅ አድርጋችሁ» ብለዋልና እነሆ እዚህ ጽፈነዋል።

ቸሩ አምላክ የአቶ ምስጋናውን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ከጎናቸው ያለውንም ቦታ፣ ባለቤታቸው ቀናቸው ደርሶ እስኪመጡ ድረስ፣ ለማንም ሳይሰጥ ይጠብቅላቸው። አሜን።