ከማሳረፊያ በታች ስለማይወርደው የአምቡላንስ ጎማ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ታች ጠጠራ

ለተከበሩ አቶ ኤርምያስ ሙሉሰው
የላይ ጠጠራ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለአዲሶቹ ጎማዎችዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ክረምቱን በሰላም ወጥተው ጥቢውን ለማየት እንደበቁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የታች ጠጠራ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ኩርባው ድረስ ደኅና ነን።

እኔ ደብሬ አሥራተ ማርያም እባላለሁ። በሰቆጣ ከተማ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደ አባቴ ቀዬ የተመለስሁ ሴት ነኝ። በእኛ ጊዜ ለሹም የሚጻፍ ደብዳቤ ኅዳጉ ተጠብቆ፣ ነጥቡ በቁጥር ተለይቶ፣ ስድብ ሳይገባበት መጻፍ እንዳለበት በአለንጋ ተምረናል። ኅዳጉንና ቁጥሩን እጠብቃለሁ፤ ለሦስተኛው የሚቻለኝን ያህል እጥራለሁ።

በአካል መጥቼ ላነጋግርዎ ሞክሬ ነበር። በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ፤ በሚቀጥለው ስመጣም ስለዚያው ስብሰባ ሌላ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ሥራዎን ላለማስተጓጐል ስል ይህን ደብዳቤ በጤና ጣቢያዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ እግርዎ ጎማውን ረግጠው ከተነሡት ፎቶግራፍ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ፎቶግራፉን ለማየት ወደ ሰሌዳው ሲመጡ ማንበብዎ አይቀርም።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። አምቡላንሳችን ፋብሪካው በገጠመለት ጎማ አፋፍ አፋፉን መጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ ማሳረፊያ በምንለው ኩርባ ይዞርና እስከ ምንጫችን ድረስ ይወርድልን ነበር። ኩርባው ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በአንድ በኩል ገደል። ሾፌሩ ኪዳኑ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በአንድ ጊዜ ያልፈዋል። ባለፈው ሐምሌ ግን እርስዎ ሰቆጣ ላይ ትልልቅ ጎማ የለበሰ የእንግዳ መኪና አይተው መንፈስዎ ተነካ። «ለዋግ መሬት የዋግ ጎማ!» ብለው ንግግር አደረጉ፣ የነበሩትን አስወልቀው እነዚህን አስገጠሙ፣ ፎቶግራፉንም ተነሡ። ያጨበጨብን እኛ ነን። ይህን አልክድም፤ ንግግሩ አጭር ስለነበር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለንን ምስጋና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሪፖርቱ። ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚያስኬደው መንገድ ይረዝማል፤ በመሪው አጠገብ ያለው ቆጣሪ ግን የሚቆጥረው ዙሩን ስለሆነ፣ መኪናው ከሄደው አሳንሶ ይናገራል። ይህን ክብ የተማረ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። እንግዲህ አምቡላንሳችን ካሳየው ፍጥነት በላይ ይሮጣል፣ ከመዘገበው ርቀት በላይ ይጓዛል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ከሪፖርቱ አብልጦ የሠራ የመንግሥት ንብረት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ ለዚህ ስላበቁን አመሰግናለሁ። ፍሬኑ ብቻ ስለ ዕድገቱ የሰማ አይመስልም፤ ቁልቁለት ላይ እንደ ድሮው ሲረገጥ እንደ ድሮው አይቆምም። ይህን የነገረኝ ኪዳኑ አይደለም፤ እንዳይቀጡት አስቀድሜ እገልጻለሁ። ራሴ ተሳፍሬ፣ በራሴ ጸሎት ያረጋገጥሁት ነው።

፪ኛ. ስለ ከፍታው። ጎማዎቹ አምቡላንሱን ከፍ አድርገውታል፤ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ግርማ አለውና አንጠላውም። ችግሩ ወደ አምቡላንስ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመዝለል ሐሳብ የሌለው መሆኑ ነው። ሠራተኞችዎ ከደጃፉ ሻይ ቤት የለስላሳ ሣጥን እየተዋሱ መወጣጫ አድርገውታል። ባለ ሻይ ቤቱም የዋዛ ሰው አይደለም፤ «በሽተኛ ከሌለ ሣጥኔን!» እያለ መልሶ ይወስደዋል። በዚህ ላይ ከኋላ የተንጠለጠለው መለወጫ፣ ስኮርት ጎማው፣ ያው የጥንቱ፣ ትንሹ ነው። ከአዲሶቹ አንዱ ቢተነፍስ አምቡላንሱ አንድ እግሩን እየጎተተ ይመለሳል፤ በሽተኛ ሊያመጣ ሄዶ በሽተኛ ሆኖ መመለሱ ከሙያው ጋር ይስማማል ብዬ አልፌዋለሁ።

፫ኛ. ስለ ኩርባው። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው ነበር፤ እርስዎ ግን አልተዉትምና እቀጥላለሁ።

አዲሶቹ ጎማዎች መሪው ሲጠመዘዝ ከላያቸው ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይመታሉ። እርስዎም ጎማውን ከመቀየር ይልቅ ፓራፋንጎው እንዲቆረጥ አዘዙ፤ ተቆረጠ። ጎማው አሁንም ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ብረት አገኘ። መኪናውን እስኪያልቅ ድረስ መቁረጥ ስለማይቻል፣ መሪው እስከ መጨረሻው መዞሩን ተወ። መሪው ካልዞረ ማሳረፊያ በአንድ ጊዜ አይታለፍም፤ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ያለው ደግሞ ገደሉ ነው። ኪዳኑ አንድ ጊዜ ሞክሮት ጎማው ተፋፍቆ ቢጨስ፣ በማግስቱ በፊርማዎና በማኅተምዎ ማስታወቂያ አወጡ፦ «የጎማዎቹን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል አምቡላንሱ ከማሳረፊያ ኩርባ በታች እንዳይወርድ።» ሌላው ዓለም ትልቅ ጎማ የሚገጥመው ድሮ የማይደርስበት ለመድረስ ነው። ድሮ ይደርስበት ከነበረው ለመቅረት የገጠሙ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ይህም በታሪክ ሊጻፍልዎ ይገባል።

ማሳረፊያ ለምን ማሳረፊያ እንደተባለ እርስዎ የሰቆጣ ልጅ ስለሆኑ ላያውቁ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ከላይ ነው፣ እኛ ከታች። ሰው ሲሞትብን ቅሬ የምንለው የቀብር ዕድራችን ሬሳውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ ኩርባው ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ያሳርፈዋል፤ ተሸካሚ ትከሻ ይለውጣል፣ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በዚያ ድንጋይ ላይ የተጋደመ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

በመስቀል ማግስት ጎረቤቴን ጥሩሐረግን ምጥ ያዛት። ስልክ ተደወለ፤ አምቡላንሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈጥኖ መጣ። መጥቶም ከኩርባው በላይ ቆመና ጥሩንባ ይነፋ ጀመር። የቅሬው ጐበዛዝት ጥሩሐረግን በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ተያያዙት። ከፊት የያዘው የቅሬው ዳኛ እንግዳው፣ ላቡ ዓይኑን እያጠፋው፣ «አንተ ኪዳኑ! ጥሩንባህን ተውና ውረድ! ጥሩንባ አይሸከምልን!» ሲል ጮኸ። ኪዳኑም ከላይ፣ ሊያለቅስ ደርሶ፣ «ጋሼ እንግዳው፣ በማርያም! ብወርድ መውጫ የለኝም፤ ይዣት ገደል ነው የምገባ!» አለ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ በኽምጣና ቋንቋ ስለ ጎማዎ የተናገረው ነገር ነበር፤ ወደ አማርኛ ብመልሰው ኃይሉ ስለሚቀንስ እተወዋለሁ።

ጥሩሐረግ አምቡላንሱ ጋ አልደረሰችም። ልጇን የተገላገለችው ማሳረፊያ ላይ፣ በዚያው ድንጋይ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ ነው። ነጠላ ዘርግተው ከጋረዷት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርሁ። ልጁ አለቀሰ፤ እልል አልን። ደሙ ግን አልቆም አለ። ወደ አምቡላንሱ ስናደርሳት ደጃፉ ከተሸካሚዎቹ ደረት በላይ ሆነ፤ ሣጥኑ ደግሞ ሻይ ቤት ነበር። አንዱ ጐበዝ በአራት እግሩ ተንበረከከ፤ ሌሎቹ ጀርባውን ረግጠው አስገቧት። ሰቆጣ የተቀበላት ሐኪም «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ልጁን ሲያይ አልጨረሰውም። ጥሩሐረግ ተርፋለች። እስከ ዛሬ ግን ከመደብ ተነሥታ ደጅ ለመውጣት ግድግዳ ትይዛለች።

ድንጋዩን አጠብነው። በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ዐርፈው በእርሱ ላይ አሳረፍናቸው። የሞተውና የምትወልደው በአንድ ድንጋይ ላይ ወረፋ የሚጠብቁበት አገር ስላደረጉን፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል አጥሮኛል።

፬ኛ. ስለ መፍትሔዎ። ቅሬታችንን ሰምተው ዝም አላሉም፤ ይህም ያስመሰግንዎታል። ሕዝቡን ሰብስበው፣ የማሳረፊያውን ድንጋይ በጉልበታችን ፈልጠን ኩርባውን ለጎማው እንድናሰፋ መመሪያ ሰጡ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ድንጋዩ ከእኛ ሁሉ በፊት ነበረ፤ ጎማው የመጣ ሐምሌ ነው። ማን ለማን ይልቀቅ?» ብለው ቢጠይቁዎ፣ «አባ፣ ልማት ነው» ብለው መለሱ። እንግዳው ከኋላ ሆኖ፣ «ለጫማው ተብሎ እግር ይጠረባል ወይ?» ቢል ሕዝቡ ሳቀ፤ እርስዎም የሳቁት ስማቸው እንዲያዝ አዘዙ። የእኔ ስም ቀድሞ እንደተያዘ ስለማምን ደስ ብሎኛል። ጸሐፊዎ የአባቴን ስም በእሳቱ «ስ» እንዳይጽፈው ይንገሩልኝ፤ አሥራተ በንጉሡ «ሥ» ነው።

፭ኛ. ስለምለምነው። ካሳደግኋት የወንድሜ ልጅ ከምሥራቅ በቀር የቀረኝ ዘመድ የለም። ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጥምቀት እንዳለፈ ትወልዳለች። የእርስዎው አዋላጅ መርምራ፣ ጽንሱ ስላልተስተካከለ ከሆስፒታል ሌላ ቦታ እንዳትወልድ አጥብቃ አስጠንቅቃታለች። ምሥራቅ ይህን ከሰማች ወዲህ በማሳረፊያ በኩል አታልፍም፤ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ በሌላኛው ዳገት ትዞራለች። በሥጋዋ ሸክም ይዛ፣ ያንን ድንጋይ ላለማየት ብላ።

ስለዚህ እኔ በሒሳብ መምህርነቴ ቀላሉን ሒሳብ አቀርባለሁ። ከላይ የዘረዘርሁትን ሁሉ እተውልዎታለሁ፤ ቆጣሪው ይዋሽ፣ ፓራፋንጎውም እንደተቆረጠ ይቅር። ፋብሪካው በሰጠው ልክ የሆኑ ጎማዎች ግን ከከተራ በፊት ይመለሱ። ልኩን አናውቀውም እንዳይሉ፣ ከአምቡላንሱ ኋላ በተንጠለጠለው ስኮርት ጎማ ጎን ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ደቀቀ ካሉ ይጥሩኝ፤ መነጽሬን ይዤ መጥቼ አነብልዎታለሁ።

ለንግግርዎ ብርታትን፣ ለፎቶግራፍዎ ጥሩ ብርሃንን፣ ለስብሰባዎ ፍጻሜን እየተመኘሁ፣ ከኩርባው በታች ሆኜ ወደ ላይ አንጋጥጬ እጅ የምነሣ፣ በማጨብጨቤ ዘግይቼ የተጸጸትሁ፣

ደብሬ አሥራተ ማርያም

ግልባጭ፦
ለታች ጠጠራ ቅሬ፤
ለቄስ ገብረ ኢየሱስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እንዲያነቡት፤
ለባለ ሻይ ቤቱ፣ ሣጥኑን እስከ ጥምቀት ድረስ ከአምቡላንሱ እንዳያርቅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የድሮዎቹ ጎማዎች የት እንደደረሱ በማፈላለግ እንዳይደክሙ። ባለፈው ገበያ አምደወርቅ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፤ በረባሶ ጫማ ሆነዋል። ጥርሳቸው ገና አላለቀም። ጫማ ሠሪው ከየት እንዳመጣቸው ስጠይቀው ከጤና ጣቢያዎ ግቢ መሆኑን ነገረኝ፤ ከመስቀል በፊት ከእርሱ ከገዙት ውስጥም የእኛ ቅሬ ተሸካሚዎች ይገኙበታል። እንግዳውን ብጠይቀው እግሩን አንሥቶ አሳየኝ። እንግዲህ «ለዋግ መሬት አይሆንም» ብለው የጣሉት ጎማ በመስቀል ማግስት በተሸካሚዎቹ እግር ከማሳረፊያ በታች ወርዶ፣ ወላድ ይዞ ወጣ፤ አዲሱ ከላይ ቆሞ ጥሩንባ ነፋ። አንድ ጥንድ ለእርስዎም ገዝቼ ከሰሌዳው ሥር አስቀምጫለሁ፤ ልኩን የገመትሁት በፎቶግራፉ ላይ ጎማውን ከረገጠው እግርዎ ነው። ጎማው እስከ ከተራ ካልተመለሰ፣ ምሥራቅን ስናወጣ የቃሬዛው የፊት ግራ እንጨት የእርስዎ እንዲሆን ቅሬው ወስኗል። መንገዱን አላውቀውም ብለው አይስጉ፤ ጫማው ያውቀዋል።