ለሃያ ደቂቃ የተባለው

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ለልጄ አባት፣

የደም ግፊትህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን እንዳልልህ እናትህ ደህና አይደሉም። ደህና አይደለንም ካልኩህ ደግሞ ደብዳቤውን ከዚህ አጥፈህ ታስቀምጠዋለህ፤ ሐኪምህ ከሚያስጨንቅ ነገር ራቅ ብሎሃላ። ከራቅክ ዛሬ አስራ አንድ ወር ሞላህ።

ስትሮኩ የጣለው ግራ ጎናቸው እንደዚያው ነው። ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ፤ በመሃል ስፌቴን እሰፋለሁ። ዓይናቸው አሁን ከጥላ በቀር አይለይም።

ከሦስት ወር በፊት እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ ድፍት አልኩ። ጤና ጣቢያ ግፊቴን ሲለኩኝ መቶ ሰባ በመቶ አምስት ሆነ። ሐኪሟ፣ “ቤት ውስጥ የሚያግዝሽ ሰው አለ?” አለችኝ። “ባለቤቴ አለ” አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ እኔም አላውቅም። መድኃኒት ጻፈችልኝና፣ “ይሄ ብቻውን አይበቃሽም። ጭንቀቱን ካልቀነስሽ ውሎ አድሮ ልብሽንም ኩላሊትሽንም ይነካል። እዚሁ አዳራሽ ማክሰኞና ሐሙስ ዮጋ አለ” አለች።

ባሌን ከቤት ያስወጣው ዮጋ ለእኔም ታዘዘልኝ።

ሄድኩ። ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤታችን እናትህ ዘንድ ትቀመጥልኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን በጀርባችን ሲያስተኙን እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ አንኮራፋሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ጡረተኛ ሾፌር ቀሰቀሱኝና፣ “እህቴ፣ ሞተሩን አጥፊው እንጂ” አሉኝ። ነገሩ ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ውሸት አይደለም። አራት ቆጥሬ ወደ ውስጥ፣ ስድስት ቆጥሬ ወደ ውጭ እተነፍሳለሁ፤ ሐሳቤ ሲኮበልል ሳልቆጣው እመልሰዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መቶ አርባ በዘጠና ወረደልኝ።

አስተማሪዋ ያው አንተንም ያስተማረችህ ናት። አንድ ቀን ዓይናችንን አስጨፍና፣ “የተሸከማችሁትን ሁሉ አስቀምጡት” አለች። ዓይኔን ገለጥኩ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ፣ “የተሸከምኩትን አስቀምጥ ተብያለሁ” ነበር ያልከኝ። ሻንጣህን ግን አላስቀመጥክም።

ሰው ሲወጣ ጠብቄ ባሌ ይህንኑ ቃሏን ይዞ ከቤት እንደወጣ ነገርኳት። ምንጣፏን መጠቅለሏን አቆመች።

“እኔ እኮ ለሃያ ደቂቃ ነው ያልኩት” አለች። “ትንሽ አርፋችሁ መልሳችሁ ተሸከሙት ነው።”

“እሱ አልመለሰውም” አልኳት።

“ሰዓቱን አልነገርኩት ይሆናል” አለች፤ አፍራ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ እየቆጠርኩ ተነፈስኩ። አልሠራልኝም።

የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሌላ ሰፈር ሥራ አግኝታ ከሰኞ ጀምሮ የለችም፤ ዛሬም ከትምህርቱ ቀርቻለሁ። እኔ ዳግመኛ ከወደቅኩ እናትህን የሚያገላብጥ የለም። ወደ እኔ ተመለስ አላልኩህም። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ እየመጣህ እናትህ ዘንድ ተቀመጥልኝ። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ መንገድ ላይ እየተነፈስክ ትመጣለህ።

አንድ ያልነገርኩህ አለ። አእምሯቸውም ትንሽ ሸሽቷል። ሳገላብጣቸው፣ “ማነው?” ይላሉ። እጄ ከመቀሱ ብዛት ሻክሯል፤ የወንድ እጅ ሆኗል። ከወር በፊት፣ “ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ?” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ድምፄ እንዳያጋልጠኝ።

ዛሬ ጠዋት ያንን እጅ ይዘው ሳሙት። “እንዳልተውከኝ አምላክ አይተውህ፤ ጤናህን ይስጥህ፤ ወልደው ልጅ ከሚጦራቸው ተርታ ያቁምህ” ብለው መረቁህ።

እኔ አሜን አላልኩም። ምርቃቱ ያንተ ስለሆነ፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል ይኸው ልኬልሃለሁ።

የልጅህ እናት