ጮክ ብላ ታነብልሻለች

ደሴ፣ ጥር

እማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ላሚቱስ ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀችሽ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ብቻ የዘንድሮው ብርድ ከጦሳ ተራራ ወርዶ እኔ ቤት የተከራየ ይመስላል።

ደብዳቤዬን ሁሌ ያመጣው ሰው እንዲያነብልሽ ታደርጊ የለ፣ የዛሬዋ አንባቢሽ ፊርደውስ ትባላለች። ጮክ ብላ ብታነብ የተቆጣች እንዳይመስልሽ፤ ልማዷ ነው።

እንግዲህ ወደ ወሬው። ጋዜጣው ላይ መጻፌ ቀርቷል። ያ «ልጄ ስለ መንግሥትና ስለ ገበያ ይጽፋል» እያልሽ ጎረቤት የምታሰለቺበት ዓምድ ተወስዶብኛል። አብሽሪ፣ አልሰረቅሁም፤ ሰውም አልሰደብሁም።

ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ አለ። ጥጥ ካጣ ከርሟል። ባለሥልጣናት ሊጎበኙ የመጡ ቀን ግን ማሽኖቹ ባዷቸውን ተነሱ፤ ሠራተኞቹም ክር የሚቀጥሉ መስለው ጣታቸውን አየር ላይ ሲያንቀሳቅሱ ዋሉ። እንግዶቹ አጨብጭበው ሄዱ። «ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ» የሚል ዜናም ወጣ። ሠራተኛው ደመወዝ ካየ ግን ቆይቷል።

ይህን የነገረችኝ አንዲት ሠራተኛ ናት። የማሽን ጩኸት ጆሮዋን ስላደከመው ምስጢር ብላ የጀመረችውን ሻይ ቤቱ ሁሉ ሊሰማው ሆነ። ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ይዣት ወጣሁ። «ጋዜጠኛ እንዲህ ፈሪ ነው እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። የምጠይቃት ነገር ካለቀ በኋላም ቦርከና ዳር መሄዳችን አልቀረም።

ጽሑፉ ሲወጣ ስሟን አልጠቀስሁም። ፋብሪካው ውሸት ነው ማለት ስላልቻለ «ማን ነገረው?» ወደሚለው ዞረ። አለቃዬ አግማስ ክፉ ሰው አይደለም። «ስሙን ብቻ ስጣቸውና ዓምድህ ይመለስልህ። ለማን ብለህ ነው የምትጎዳው?» አለኝ። ለማንም አልሁት።

አሁን ደግሞ «ፋብሪካው ውስጥ ወዳጅ አለችው፣ ለእሷ ብሎ ነው የጻፈው» እያሉ ነው። ደመወዛቸውን በፍርድ ቤት የጠየቁት ሠራተኞች በእጃቸው ያለው ማስረጃ የእኔ ጽሑፍ ብቻ ነው። ወዳጅ አለችኝ ማለት ጽሑፉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ልጅቱንም እያፈላለጓት ነው፤ የተከራየችበት ቤት ድረስ ሄደው ጠይቀዋል።

በየዒዱ «ዛሬም ብቻህን መጣህ?» ትይኝ የለ? ዘንድሮስ አላሳፍርሽም ብዬ ነበር። አልሆነም። በምትኩ ልጅ ልኬልሻለሁ።

ጣሀ ወላጆቹን አጥቶ የመጣ ጊዜ አውራ ጣትሽን ማር አስነክተሽ አጠባሽውና የጡት ልጅሽ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በአገራችን ቢስቲማ ውስጥ የማን ልጅ ነህ ያለው የለም። አንዷ ጎረቤት ቀልዳ «አሚናን ለጣሀ ስጪው» ብትልሽ፣ «ወንድም እህቱን ያገባል? አፍሽን ተጉመጥመጪ!» ብለሽ እዚያው እህቴ አሚና ፊት ያባረርሻትም አይረሳኝም።

ለፊርደውስም እንደዚያው አድርጊላት። እጮኛው ናት ከተባለ ሰው የት ትሠራ ነበር፣ የት ተዋወቁ ይላል። የጡት ልጅን የሚጠይቅ የለም። ሽማግሎቹ ባሉበት፣ ዱዓ ተደርጎ ይሁን።

ፊርደውስ፣ እዚህ ላይ አታቋርጪ። አንብቢላት። ሳልነግርሽ የላክሁሽ እምቢ እንደምትይ ስለማውቅ ነው።

እማ፣ ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ሻሽ ያንቺ ነው። ከሰኞ ገበያ ስገዛው ለሌላ ሰው ነበር። ቀለሙ ለእናት ትንሽ ይደምቃል፤ ግድ የለም፣ ልበሽው።

ለእኔ አታስቢ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች መሀል ቦታ አግኝቻለሁ። የሰው በደል መጻፍ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

አንብባ ስትጨርስ ደብዳቤውን እሳት ይብላው። ጆሮዋ ስለሚያስቸግራት ስታናግሪያት ፊት ለፊት ሁኚላት። ሳቋ እንዳይጠፋ አደራ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ደጅሽን እንግዳ አያሳጣው። የላክሁልሽንም ያቆይልሽ። ለዒድ ስመጣ በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ትሆን ይሆናል። «እህቴ» ብዬ መጥራቱን እስከዚያ እለማመዳለሁ።

ልጅሽ፣
የፊርደውስ ወንድም