ወፍራም መጋረጃ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ መርፌ ማየት ካቃተው ዓይኔ በቀር ደህና ነኝ።

የእህትህ ባል የቤታቸውን መጋረጃ እንድሰፋ ጠርቶኝ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ለሳሎኑ ስስ፣ ለመኝታ ቤቱ ወፍራም፣ ለማድ ቤቱ ደግሞ ብርሃን የሚያስገባ ነጭ ጨርቅ መረጥኩ። እሱ ግን «ሁሉም ወፍራም ይሁን፤ የጎረቤት ዓይን አልወድም» አለ። እህትህን «አንቺስ?» ብላት እሱን እሱን አየች። ያቺ መልስ የማታጣ ልጅ! የሜትሩን ጫፍ ከላይ እንድትይዝልኝ ብነግራት በግራ እጇ ያዘችው፤ ቀኟ አልነሳ አላት። «በር መትቶኝ ነው» አለች፣ እኔ ሳልጠይቃት።

እንዳለው ሰፋሁ። የማድ ቤቱን ግን ሆን ብዬ ከታች አንድ ስንዝር አሳጠርኩት፤ በመንገዱ ሳልፍ ዕቃ የምታጥብበትን እጇን እንኳ ልይ ብዬ። በሦስተኛው ቀን ጠቅልሎ ይዞት መጣ።

«እማማ፣ ዓይንዎ ደከመ መሰለኝ፤ አጥሯል እኮ» አለኝ እየሳቀ።

«እርጅና ነው» አልኩት። እኔም ሳቅሁ።

ለሌላ ሰፊ ሰጥቶ አስረዘመው። ትናንት በቀትር ሄጄ ባንኳኳ፣ በሩን ሳይከፍት «ተኝታለች» አለኝ።

ለእሷ የምትጽፈውን በእኔ በኩል ላክ፤ እዚያ ቤት ፖስታ የሚከፍተው እሱ ነው። የዓመት ፈቃድህንም አታቆየው። ስትመጣ ደግሞ እኔን ልሳም ብለህ እንዳትዘገይ፤ ሻንጣህን እንደያዝክ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሂድ።

በጤና ያገናኘን።

እናትህ