እናቲቱን ብቻ የጠየቀው መስኮት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ኃላፊ፣

በቅድሚያ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናውን ያብዛልዎ፤ መታመም ካልቀረም፣ ጠያቂ ሲመጣ ስሙ የሚገኝ በሽተኛ ያድርግዎ።

ወንድሜ አናጢ ነበር፤ በመኪና ተገጭቶ ወደ እናንተ ገባ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አቤቱታዬን በቁጥር ያስቀመጥኩት ለክፍልዎ አሠራር ይመች ብዬ ነው።

፩. ከመጠየቂያው መስኮት ስደርስ፣ ሠራተኛዋ ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና ወዲያው «የለም» አለችኝ። ስለ ፍጥነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. ያንን አምኜ ከተማውን ስዞር ዋልኩ፤ ሬሳ ክፍል ሳይቀር ገባሁ። እሱ ግን ከዚያው መስኮት በላይ ባለው ፎቅ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ነርሷ እንደነገረችኝ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር «እህቴ ናት?» ይል ነበር። እንዲሁ እንዳለ አረፈ። ከሞተ በኋላ ስልክ ቁጥሬ ቶሎ ተገኘ፤ ለዚህም እግዜር ይስጥልኝ።

፫. ምክንያቱን ያስረዳኝ ሊያስተዛዝነኝ የመጣው የእናንተው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። በኮምፒውተሩ መዝገብ ውስጥ የበሽተኞች ሠንጠረዥ እናት ናት አለኝ፤ የድንገተኛው፣ የቀዶ ሕክምናውና የወሊዱ ሠንጠረዦች ልጆቿ ናቸው፤ ስም፣ ዕድሜ የሚሞላባቸውን የእሷን ዓምዶች ወርሰው የየራሳቸውን ይጨምራሉ። እናቲቱ ስትጠየቅ በልጆቿ ውስጥ ያለውንም ሁሉ አብራ ትናገራለች። የእናት ነገር። እርስዎ ግን ፍለጋው ይፍጠን ብለው በጥያቄው ውስጥ «ብቻ» የምትል ቃል አስገቡ፤ ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ልጆቿን አይጠይቅም። ወንድሜ የተመዘገበው በድንገተኛው ነበር። ሠራተኛዋን አልተቀየምኳትም፤ ያየችውን ነው የነገረችኝ።

፬. ቢሮዎ መጥቼ ሳለቅስ «ሲስተሙ በትክክል ሠርቷል» ብለው አጽናኑኝ። እውነትዎን ነው፤ የተጠየቀውን መልሷል። እኔ ግን ጌታዬ፣ ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ብቻውን እንዳይሞት ነበር የሮጥኩት። አንጀቴ አርሯል። ይህን የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደምታስገቡት አላውቅም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይበርድ ሐዘን ጋር፣
የሟቹ አናጢ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ያችን ቃል ለማንሳት ኮሚቴ መቋቋሙን ሰምቻለሁ፤ ይቅናችሁ። እስክትስማሙ ድረስ ከመስኮቱ አጠገብ «የለም ከተባላችሁ አትመለሱ፤ ክፍል በክፍል ገብታችሁ በዓይናችሁ ፈልጉ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ግድግዳ ያበላሻል ከተባለ፣ ዘበኛው ምን በወጣው፣ እርስዎ ራስዎ ወርደው በጠያቂዎቹ ፊት ያንሱት።