ቶሚን ብርድ አልመታውም

ለእኅቴ ለእትዬ ትርንጎ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ዓምና ሐምሌ ሲገባ ጉልበትሽ ደረጃ አላስወጣ ብሎሽ ነበር፤ ዘንድሮ ባሰብሽ ወይስ ተሻለሽ? የጋሽ ወልዴ ሳልስ ለቀቃቸው? ስርጉት ፈተናዋን ጨርሳ አረፍ አለች? እማዬስ እንዴት ናት? ስለ እማዬ ከሰላምታ ያለፈ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ፤ እሱን በመጨረሻ አነሳዋለሁ። እኛ በአካል ደህና ነን። ሰርካዲስ ሆስፒታል ሥራዋ ላይ ናት፤ እኔም ያው መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ስጭንና ሳራግፍ እውላለሁ፤ ማራኪም የመጨረሻ ክፍሏን ጀምራለች። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው፤ ከቀትር በኋላ የመኪናውን መሪ በባዶ እጅ መንካት አይቻልም።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ መናገር አቅቶኝ ነው። ዓለምጌጥ ረቡዕ ስለምትሳፈር በእሷ እጅ ይደርስሻል። ባለፉት አራት እሁዶች በደወልሁ ቁጥር «ያ እንስሳ እንዴት ሆነ?» ትይኝ ነበር፤ እኔም «ደህና ነው፣ በአንቺ ምክር ዳነ» እልሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ቶሚ አልዳነም። ነሐሴ 8 ቀን ሐሙስ ጠዋት ሞተ፤ የሞተውም በእኔ ጥፋት ነው። እንዴት እንደ ሆነ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ።

ጋሽ ወልዴ በስልኩ አላዩትምና ደብዳቤውን ስታነቢላቸው ግራ እንዳይገባቸው፣ ቶሚ አክሶሎትል የሚባል የውሃ እንስሳ ነበር። ዘሩ ከሜክሲኮ ሐይቅ የመጣ ነው ይላሉ። ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል፤ አራት እግርና ጅራት አለው፤ መልኩ ፈዛዛ ሮዝ ነው። መተንፈሻው ከጭንቅላቱ ውጭ፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሆኖ እንደ ቀይ ላባ ይወዛወዛል። አፉ ሰፊ ስለሆነ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ይመስላል። ሲታመምም ያው ፈገግ እንዳለ ነው፤ ሕመሙ ቶሎ የማይታወቀውም ለዚህ ነው። ስሙን የነገርሁሽ ዕለት «ቶሚማ የውሻ ስም ነው» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር።

ለማራኪ የሰጠናት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ ማለት ጀመረች፤ የቀልዷን መስሎን ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ውሃውን የምትቀይርበት ቀን አንዴም አላለፋትም። ሐምሌ 5 ቀን እንደ እሷ ላሉ ተማሪዎች ወደ ተዘጋጀ የሁለት ሳምንት ትምህርት ሄደች፤ ቦታው በመኪና አራት ሰዓት ይርቃል። ቶሚን ለእኔ አደራ ብላ፣ የምሠራውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችልኝ። ሦስተኛው መስመር ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውን ማሽን በምንም ምክንያት አትንካ ይላል።

አምስት ስድስት ቀን በሰላም አለፈ። ከዚያ ቶሚ የሰጠሁትን ትል አልበላም አለ። በማግስቱም አልበላ። እጄን ውሃው ውስጥ ብነክር፣ እትዬ፣ በኅዳር ማለዳ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ የነበረውን ውሃ አስታወሰኝ። አጥንት ይሰብራል። ሐምሌ 13 እሁድ ስንደዋወል ይህንኑ ነገርሁሽ። ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «ይሄማ ብርድ መቶት ነው! አንተስ በረዶ ውስጥ ዘፍዝፈውህ እህል ይወርድልህ ነበር? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» እኔም ልቤ ያለው ይህንኑ ነበር። እናታችን ብርድን እንደ ጠላት ስትጠብቅ ያሳደገችን ልጆች ነን፤ በር ገርበብ ብሎ ካደረ በማግስቱ ያስነጠሰን ሁሉ ጥፋቱ የበሩ ነው። ስልኩን ዘግቼ የማሽኑን ሶኬት ነቀልሁት።

የሚያሳዝነው በማግስቱ ቶሚ መሯሯጥ መጀመሩ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ይዋኛል፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ደስ አለኝ። ቪዲዮ አንስቼ ላክሁልሽ፤ አንቺም «አላልኩህም!» ብለሽ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሽ። በኋላ ሐኪሟ ስታስረዳን፣ ያ ሩጫ የጤና ሳይሆን የጭንቀት ነበር። ይህ እንስሳ ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ስምንት ዲግሪ ውስጥ እንዲኖር የተፈጠረ ነው፤ እኔ ወደ ሃያ አምስት አድርሼው ነበር። ለእሱ ሙቀት ማለት ለእኛ እሳት ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ላባ የሚመስለው መተንፈሻው ወደ ፊት ተጣጠፈ፤ በአምስተኛው ጫፉ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ወጣበት፤ በስድስተኛው ውሃው ላይ ወደ ጎን ተንሳፈፈ።

ያን ጊዜ ደንግጬ ለልጄ መደወል ሲገባኝ ሌላ ነገር አደረግሁ። ሐምሌ 19፣ ማራኪ በምትመለስበት ቀን ጠዋት፣ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። እስክትደርስ ድረስ የሙቀት መለኪያው ትክክለኛውን ቁጥር ያሳይ ነበር።

ማራኪ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ሄዳ አየችው፤ ከዚያ መለኪያውን አየች። ሙቀቱ ደህና ስለነበረ ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። ከመሄዷ ሦስት ቀን በፊት አንድ የውሃ ተክል ገዝታ በደንብ ሳታጥብ አስገብታ ነበር። «በሽታውን እኔ ነኝ ያመጣሁበት» አለች። ተክሉን ነቅላ ጣለችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ሰኞ ወደ አርሊንግተን ወሰድነው፤ እንዲህ ዓይነት እንስሳት የምታክም አንዲት ሐኪም አለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ የውሃው ሙቀት ተቀይሮ ያውቅ እንደ ሆነ ነበር። ማራኪ ፈጠን ብላ፣ አልተቀየረም፣ አባቴ ነው ሲጠብቀው የነበረው ብላ መለሰች። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ልክ ናት በሚል ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እትዬ፣ ይህን ስጽፍልሽ እንኳ አንገቴ ይከብደኛል። ሐኪሟም ከተክሉ የመጣ በሽታ ነው ብላ በዚያ መሠረት መድኃኒት አዘዘች።

ከዚያ በኋላ ቶሚ የኖረው ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ሕክምናው እንደዚያ ነው። ማራኪ ጠዋትና ማታ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ትቀይራለች። አንዳንዴ ያለ ስኳር የፈላ ሻይ አቀዝቅዛ በውሃው ላይ ትጨምራለች፤ ቁስሉን ያደርቃል ይላሉ። ሰርካዲስ መጀመሪያ «እንሽላሊት ከወጤ ጋር ሊያድር ነው?» ብላ ጮኸች። በማግስቱ ግን ሽታው እንዳያውከው ድልሁንና ቅቤውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አውጥታ፣ በሩ ላይ «ቀስ ብላችሁ ክፈቱ» የሚል ጽፋ ለጥፋ አገኘናት። ወረቀቷ ከማራኪ ወረቀት በታች ነበረች። እኔ ውሃ ለመጠጣት በተነሳሁ ቁጥር ያን ሦስተኛ መስመር አነባለሁ።

ሐምሌ 30 ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ማራኪ የቶሚን ውሃ እየቀየረች ነበር። ፊቷን ሳታዞር፣ «ዳዲ፣ ኮሌጅ ለዚህ አፕላይ አላደርግም። ማለቴ፣ የራሴን ፔት ገድዬ እንዴት ነው የሰው ፔት የማክመው?» አለችኝ። የመኪናው ቁልፍ በእጄ ነበር። አስቀመጥሁት። «ማሽኑን የነቀልሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። «ዌይት» ብላ ደብተሯን አመጣች። መቼ እንደ ነቀልሁት ጠየቀችኝ፤ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል አልኋት። መቼ እንደ መለስሁት ጠየቀችኝ፤ አንቺ የመጣሽ ዕለት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት አልኋት። ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ሶ፣ ዶክተሯ ስትጠይቀኝ አጠገቤ ነበርክ» አለች። ጥያቄ አልነበረም፤ መልስም አልጠበቀችም። ሰርካዲስ ማታ ስትሰማ «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሆድህ ይዘህ እህል እንዴት ይወርድልሃል?» አለችኝ። አይወርድልኝም ነበር።

ማራኪ ጠዋቱን ያኔውኑ ለሐኪሟ ደውላ የጻፈችውን አነበበችላት። መድኃኒቱ እንዲቆም ተደረገ። ሐኪሟ እንዳለችው እንስሳው ሁለት ጊዜ ነው የተመታው፤ አንዴ በሙቀቱ፣ አንዴ ደግሞ እኔ ጥፋቴን ለመሸፈን ስቸኩል ውሃው በድንገት ሲቀዘቅዝበት። ቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ይድን እንደ ነበር እኔው ራሴ ጠየቅኋት። ይድን ነበር ማለት አልችልም፣ አይድንም ነበር ማለትም አልችልም አለችኝ። ከዚህ የከፋ መልስ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ትል በላ። ማራኪ ከወጥ ቤት ስትጮህ ሰርካዲስ ቃጠሎ መስሏት ወጣች። ከዚያ ወዲያ ግን አልበላም። ሐሙስ ጠዋት ማራኪ ክዳኑን ስትከፍት አልተንቀሳቀሰም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከጓሮው አጥር ሥር ቀበረችው፤ መሬቱ በሙቀቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር ጉድጓዱን እኔ ቆፈርሁ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። የኮሌጅ ማመልከቻዋን ግን እየጻፈች ነው። ስለ ቶሚ ነው የምትጽፈው፤ ማሽኑን ማን እንደ ነቀለም አልደበቀችም። አድርጊው አልኋት።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ። ስደውልልሽ ገና ከሰላምታው «ያ እንስሳስ?» አልሽኝ። ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እኔም «ደህና ነው» አልሁሽ። አንቺ እንዳታዝኚ፣ ምክሬ ነው የገደለው እንዳትይ ብዬ ነው። ማራኪ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ስልኩን ስዘጋ፣ «ዳዲ፣ ለአክስቴም? ለምንድን ነው ግን ሁልጊዜ እንዲህ የምታደርጉት?» አለችኝ። ሦስት ቀን ዘግታኝ የከረመች ልጅ የመጀመሪያ ንግግሯ ይህ ሆነ።

ከዚያ ስለ አባባ አሰብሁ። አባባ ሲያርፍ እኔ እዚህ አገር ገና አንድ ዓመቴ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ «ዘመድ ጥየቃ ሞረት ወርዷል» ስትሉኝ አመንሁ። በአራተኛው ወር ጥቁር ካፖርት ገዝቼ ላክሁለት። ልኩ ሆነ ወይ ብዬ ብጠይቅሽ «ልክክ ነው ያለው፤ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሄደ» አልሽኝ። በሰባተኛው ወር እዚህ ያሉ የአገራችን ሽማግሎች በማለዳ በሬን አንኳኩ። ካፖርቱን ዛሬ ጋሽ ወልዴ እንደሚለብሱት አውቃለሁ፤ በጤና ይልበሱት፣ ከማንም ይልቅ ለእሳቸው ደስ ይለኛል። በዚህ ነገር ወቅሼሽ አላውቅም፤ አሁንም አልወቅስሽም። አንቺ የደበቅሽኝ በባዕድ አገር ብቻዬን ሐዘን እንዳይጥለኝ ሰግተሽ ነው፤ እኔ ልጄን የደበቅኋት ፈርቼ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለተደበቀበት ሰው ግን፣ እትዬ፣ ያው ነው። ማራኪ በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ለማይጠቅም መድኃኒት ትነሳ ነበር። እኔም ለሌለ ሰው የካፖርት ልክ እጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ስለ እማዬ። ባለፉት ሦስት እሁዶች «ተኝታለች» ትይኛለሽ። ከዚያ በፊት ስልኩ ሲጮህ ከሁሉም ቀድማ የምታነሳው እሷ ነበረች። ታማ ከሆነ ታማለች በይኝ፤ ምኗን እንዳመማት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ሐኪም ምን እንዳለ ንገሪኝ። የባሰም ከሆነ የባሰውን ንገሪኝ። ሥራ ላይ እሆናለሁ፣ መኪና እየነዳሁ እሆናለሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ መኪናዬን ጥግ አስይዤ እሰማሻለሁ። ሽማግሌ አትላኪብኝ። አንቺው ንገሪኝ።

በቶሚ ነገር ራስሽን እንዳትወቅሺ። ሶኬቱ ያለው ደብረ ብርሃን አይደለም፤ እጁም የእኔ ነው። ማራኪም ላክስቴ ጻፍልኝ ያለችው ይህንን ነው፤ አልተቀየመችሽም፤ ልትጠይቂን የመጣሽ ቀን ግን ምንም ሶኬት እንዳትነኪ አደራ ብላለች። ይህን ስትለኝ ከንፈሯ ዳር ትንሽ ፈታ ሲል አየሁት፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ለጋሽ ወልዴ ጥልቅ አክብሮቴን አቅርቢልኝ፤ ካፖርቱን ሳላቸው እስኪለቃቸው አያውልቁት። ስርጉትን አጎትሽ ውጤትሽን እየጠበቀ ነው በያት። ትንሹን ሊዮልን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የቶሚን ቪዲዮ ደጋግሞ ያያል ብለሽኛልና እውነቱን ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ ግን ንገሪው። ሰርካዲስ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ የጉልበት ማሰሪያሽን ለዓለምጌጥ ሰጥታታለች።

ለእማዬ ሰላምታ በአንቺ በኩል አልክም። እሁድ ስደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ። ተኝታም ብትሆን።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ጥዑመልሳን

ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.